ትንሿ ጡጦ

የቀለጠው ሻማ ክዳኑ ላይ በማረፍ ፈንታ የፅጌረዳ አውራ ጣት ላይ አረፈ። «ኡፍ!» ብላ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና ወደ መኝታ ቤቱ ጆሮዋን ጣል አደረገች። እናቷ ለሥራ እየለባበሰች ነው። አምስት ወር የሞላው ወንድሟ ኖላዊ ሲነጫነጭ አድሮ ገና አሁን እንቅልፍ ወስዶታል። ቶሎ ብላ በሦስቱም ጡጦዎች ክዳን ላይ አንዳንድ ጠብታ አንጠባጠበች። ነጭ ሻማ በነጭ ክዳን ላይ ነው፤ ቀርቦ ያላየው ሰው አያውቀውም።

ዘዴው ቀላል ነበር። ጡጦው ከነክዳኑ በፈላ ውሃ ከተቀቀለ ሻማው ቀልጦ ይጠፋል። ካልተቀቀለ እዚያው ይገኛል። ያኔ እትዬ በቀለች ምን ይሉ ይሆን?

የእናቷ የወሊድ ፈቃድ ካለቀ ጀምሮ ኖላዊን ቀን ቀን የሚይዙት፣ ከታች ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤታቸው እትዬ በቀለች ናቸው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው በዚህ ኮንዶሚኒየም ስንቱን ልጅ አሳድገዋል። ጠዋት መጥተው፣ ቀን ላይም ደግመው፣ ሁለቱን ትልልቅ ጡጦዎች አጥበው ያዘጋጃሉ፤ አሥር ሰዓት ላይ ፅጌረዳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጁን አስረክበዋት ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ እናትየው እስክትገባ ድረስ ኖላዊ በትንሿ ጡጦ የሚጠጣውን የምታዘጋጀው ፅጌረዳ ናት።

በዚህ አንድ ወር ውስጥ ኖላዊን ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ያዘው። እግሮቹ ቀጠኑ። ባለፈው ሰኞ ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ «ጡጦውን ማነው የሚያጥበው? በደንብ ይቀቀላል?» ብላ ጠየቀች። ቤት እንደገቡ እናቷ በሩን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፅጌ፣ እትዬ በቀለች ሲቀቅሉ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም» አለች ፅጌረዳ። እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ እሷ ክፍል ውስጥ ናት። ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። «ዝም ብለው የሚያለቀልቁት ነው የሚመስለኝ» ብላ ጨመረችበት። ይህን ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ በቀለች ነገር ሁሉ ያጠራጥራት ጀመር። ጠዋት ይዘውት መጥተው አሥር ሰዓት ላይ ይዘውት የሚወርዱት ጥቁር ፌስታል ውስጥ ምን አለ? እሷ ስትገባ የስልክ ወሬያቸውን የሚያቋርጡትስ ለምንድን ነው? ኖላዊን «የኔ ማሙሽ» ብለው ሲስሙት እንኳ የሆነ ነገር የሚሸፍኑ ይመስላት ነበር።

ሻማውን ባንጠባጠበችበት ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሁለቱን ትልልቅ ጡጦዎች መስኮቱ ጋ ወስዳ አየቻቸው። ሻማው የለም። ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። ረቡዕ ጠዋት እንደገና በጥድፊያ፣ ትንሿን ሳትለይ ሦስቱም ላይ አንጠባጠበች፤ ማታ አሁንም ትልልቆቹ ላይ የለም። «ነቅተውብኛል ማለት ነው፤ በጥፍራቸው ልጠውት ነው» አለች። ሐሙስም ደገመችው።

የዚያን ቀን መምህራን ስብሰባ ስለነበራቸው በግማሽ ቀን ተለቀቁ። በሩን በቁልፏ ድምፅ ሳታሰማ ከፈተችና ጫማዋን አውልቃ ወደ ኩሽናው ተጠጋች። እትዬ በቀለች ጡጦዎቹን ፈታተው እያንዳንዱን በብሩሽና በሳሙና እያሹ ነው። የሚጠባውን ጫፍ ገልብጠው አጠቡት። ሁሉንም ድስት ውስጥ ከተው ውሃው እስኪሸፍነው ሞሉና ስቶቩ ላይ ጣዱት። ሲንተከተክ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ከዚያ አንድ እግራቸውን እያሳረፉ ቆመው ጠበቁ፤ ሄደው እንኳ አልተቀመጡም። ሲጨርሱ ከፌስታሉ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር መዘዝ አደረጉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ፅጌረዳ ዘላ ገብታ።

«በስመአብ! ልቤን አጠፋሽው እኮ!» አሉና ጨርቁን ዘረጉላት። «ከቀቀልኩ በኋላ ጡጦዎቹን የምደፋበት ነው። በቤቱ ፎጣ ሁሉም እጁን ይጠርግበታል። እኔ ቤቴ አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የማመጣው። ለትንሿም ልተውልሽ እንዴ?»

«አይ፣ አያስፈልገኝም» አለች ፅጌረዳ። ለምን ቶሎ እንደመለሰች አልገባትም።

ዓርብ ኖላዊን እንደገና አመመው። እናቷ አቅፋው ወዲያ ወዲህ እያለች «በቃ፣ እሁድ አሰናብታቸዋለሁ። መካኒሳ አንዲት ሴት አግኝቻለሁ» አለች።

«እማ፣ ሲቀቅሉ እኮ በዓይኔ አየኋቸው።»

«አንቺ ስለመጣሽባቸው ነዋ! ሰው እያየው የማይቀቅል ማን አለ? ሦስተኛ ፎቅ ያለችዋም መንታዎቿን ልትሰጣቸው ነበር፤ ጉዱን ስነግራት ተወችው።»

ጥርጣሬውን የለኮሰችው ፅጌረዳ ናት፤ አሁን ግን ከእጇ ወጥቶ ደረጃ ለደረጃ ሲሄድ ነበር።

እሁድ ከሰዓት እናቷ ነጠላዋን እየፈለገች ሳለ ኖላዊ በረሃብ ጮኸ። ፅጌረዳ ትንሿን ጡጦ አነሳች፤ በሌላ እጇ እንደ ልማዷ ፔርሙዙን ያዘች። ክዳኑን ልትከፍት ስትል አውራ ጣቷ አንድ ጉብታ ነካ። መስኮቱ ጋ ወሰደችው። ሻማ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ የደረቀ፣ የሦስት ጠዋት ሻማ።

መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች። ከዚያ ፔርሙዙን አየች።

የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ነው የጀመረችው። ድስት መጣድ፣ እስኪፈላ መጠበቅ፣ ከዚያ እስኪበርድ መጠበቅ፤ ማን ጊዜ አለው? ፔርሙዝ ውስጥ ያለውም ያው የፈላ ውሃ ነው ብላ ትንሽ ጨምራ ነቅነቅ አድርጋ ትደፋዋለች። ክዳኑንና ጫፉን በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ። ያንን ሁሉ የምታደርገው በአንድ እጇ የሒሳብ ወረቀት ይዛ ስለሆነ ክዳኑን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። የሌላ ሰው ጡጦ ስትመረምር የራሷን ለምን ታያለች?

የሚጠባውን ጫፍ እትዬ በቀለች እንዳደረጉት ገለበጠችው። ጥጋጥጉ ውስጥ ቢጫ የወተት ቅርፊት ተጋግሯል። አሸተተችው፤ ኮምጥጧል። ይህን ነው ለወንድሟ በየቀኑ ስትሰጠው የከረመችው። ዕንባዋ መጣ፤ ከሁሉ ይበልጥ የፈራችው ግን ሌሎች ሲያውቁ የሚመጣውን እፍረት ነበር።

ሻማውን በጥፍሯ ብትልጠው ማንም አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ በደንብ ትቀቅላለች፤ ኖላዊም ይሻለዋል። ይሻለዋል... ከዚያስ? እናቷ «አየሽ፣ እትዬ በቀለች ከሄዱ ወዲህ ልጄ ተሻለው» ትላለች። ሦስተኛ ፎቅ ያለችዋም ትሰማለች። ከዚህ በኋላ በዚህ ብሎክ ልጅ የሚሰጣቸው ሰው አይገኝም፤ የልጁ መዳን ራሱ ይመሰክርባቸዋል።

እናቷ ነጠላዋን ደርባ በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

«እማ፣ አትሂጂ» አለች ፅጌረዳ ጡጦዋን ይዛ ወጥታ። «እሳቸው አይደሉም። ትንሿን ቀቅዬያት አላውቅም። ማለቴ... ፈተናው ከቀረበ ወዲህ።» ጫፉን ገልብጣ አሳየቻት።

እናቷ አየችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ወር ሙሉ?»

«አዎ።»

«እኔም የእሳቸውን ስም በሰው አፍ አስገባሁት» አለች እናቷ ለራሷ። ተነስታ ድስቱን ጣደችና ጡጦዋን ከነክዳኑ ከተተችው። ኖላዊን አንስታ እዚያው ቆማ ጡቷን አጠባችው። ውሃው ፈልቶ ሰዓቱ እስኪሞላ ሁለቱም ዓይናቸውን ከስቶቩ አላነሱም። ሲያበቃ እናቷ ልጁን አቀፈችና «ነይ እንውረድ» አለች።

ደረጃው ከወትሮው አጠረባት። እናቷ የእትዬ በቀለችን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

«እኔ ላንኳኳ» አለች ፅጌረዳ።

አንኳኳች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ፣ ከእናቷ ፊት ወጥታ ቆመች።