ግራ የገባው ጊታር

«አሽትቺው እስቲ» አለ ፒክስል፣ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር አስጠግቶ። «አሮጌ አሮጌ አይሸትም?»

«ሻይ ሻይ ነው የሚሸተው» አለች ሽቦ።

«በሻይ ነክሬ ነዋ ያስረጀሁት! ሲደርቅ ይለቃል።»

ፒክስል ይህን ስም ያተረፈው ከኮምፒውተር ፊት ስለማይነሣ ነው። ሽቦን ደግሞ ሽቦ ያሏት አያቷ ናቸው፤ ገና በአራስነቷ ቅጥነቷን አይተው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሽቦ ቁልምጫ ነው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለአሮጌ ማስታወቂያዎች ዐውደ ርእይ እየተሰናዳ ነበር። ሊከፈት አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ሌሎቹ ተማሪዎች የሳሙናና የጫማ ቀለም ማስታወቂያ ነው ያመጡት። ሽቦ ግን አያቷ የነደፉት የመጀመሪያው ጊታር የተዋወቀበትን ፖስተር አመጣለሁ ብላ ስትጎርር ሰንብታለች። በዓለም ላይ የቀረው ያ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አያቷ ሲሰጧት «አደራ፣ ፕላስተር እንዳታስነኪው» ብለዋት ነበር። እሷ ደግሞ ትናንት «ለአንድ ደቂቃ ምን ይሆናል?» ብላ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ስታነሣው የጊታሩ አንገት ከነቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ተላጠ።

ፒክስል መላ አያጣም። ከመበላሸቱ በፊት በስልኳ አንሥታ የላከችለትን ፎቶ አሳትሞ፣ ሻይ ውስጥ ነክሮ፣ ይኸው ይዞላት ከተፍ አለ።

ሽቦ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አየችው። ቀለሙ ልክ ነው። ከሥር «እጅዎን ያውቃል» የሚለው ጽሑፍም ልክ ነው። ግን የሆነ ነገር ቆረቆራት።

«ጊታሩን ምን አደረግከው?»

«እሱን አየሽልኝ?» ደረቱን ነፋ። «ስህተት ነበረው፤ አስተካከልኩልሽ። ፎቶው ተገልብጦ የግራኝ ጊታር መስሎ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሰው ሳያየው ቀረ?»

ሽቦ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ አማራት።

«አንተ ጉደኛ! ታሪኩ እሱ እኮ ነው!»

ነገረችው። የጊታሩን ፎቶ ፊልም ገልብጦ ያስቀመጠው ማተሚያ ቤቱ ነው። ጽሑፉ ለብቻው ስለተለጠፈ ማንም አልነቃም። አምስት መቶ ፖስተር ታትሞ ከተበተነ በኋላ አያቷ አይተው አበዱ። አታሚው ግን ምንም ሳይደነግጥ «ምን ላድርግ፣ ጊታርዎ ግራ ገብቶት ነው» አላቸው። በሳምንቱ አንዲት ግራኝ ሙዚቀኛ ፖስተሩን ይዛ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመች። የቀኝ ጊታር ገልብጣ ስትጫወት የኖረች ናት። «እቺን ይሥሩልኝ። እጅዎን ያውቃል ይል የለ?» አለች። አያቷ ለግራኝ ሠርተው አያውቁም። ስህተት ነው እንዳይሏት ግን አፋቸው እምቢ አለ። ሦስት ወር ታግለው ሠሩላት። ከዚያ በኋላ ግራኞች ሁሉ እየጠየቁ ይመጡላቸው ጀመር።

ፒክስል ጆሮው ቀላ። «በቃ፣ መልሼ እገለብጠዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ።»

ሃያ ደቂቃ ከየት ይምጣ? አያቷ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው በአዳራሹ በር ሲገቡ ታዩ። እኚህ ሰው ለቀጠሮ ሁልጊዜ ይቀድማሉ። ፒክስል ቅጂውን ላፍ አድርጎ ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። ሽቦ የተላጠውን ፖስተር ጠቅልላ ክንዷ ሥር ሸጎጠችው።

አያቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጎሽ የኔ ሽቦ!» አሉ በመጨረሻ። «እንደሰጠሁሽ ነው ያቆየሽልኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን አልሰጥም ነበር።»

ፒክስል ከኋላቸው ሆኖ አውራ ጣቱን ቀሰረላት። አለፈ ማለቱ ነው። እውነትም አልፎ ነበር። የአያቷ መነጽር ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሰው ፊት ማድረግ አይወዱም። ጊታሩ ወደየት እንደዞረ አላዩም። ዝም ካለች ዛሬም ነገም ማንም አያውቅባትም። ሽቦ «እሺ፣ አባባ» ልትል አፏን ከፈተች። ምስጋናው ግን የእሷ አልነበረም። ይህን ስታውቅ ፍርሃቷ ቀለል አለ። ፒክስል በጭንቅላቱ «ተይ፣ ተይ» ይላታል።

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የተላጠው ቦታ ከላይ እንዲሆን አድርጋ ዘረጋችው፤ ማዕዘኖቹንም በመዳፏ ያዘች።

«አባባ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «እስቲ መነጽርዎን ያድርጉት።»