ከበዓሉ ወዲያ

«አያችሁ አይደል? መደርደሪያው ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ሆኗል» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ የስጦታ መጋዘኑን በር ወለል አድርገው ከፍተው። «ልጆቼ፣ ጊዜውን አላወቃችሁበትም። በበዓሉ ሰሞን ብትመጡ እኮ እዚህ እግር ማሳረፊያ አልነበረም።»

ቀጭኔ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። በቁመቷ የተነሳ የክፍሏ ተማሪ ሁሉ ቀጭኔ ነው የሚላት፤ እናቷ እንኳ ስትቸኩል በዚሁ ስም ትጠራታለች። ጠባቂው እውነታቸውን ነበር። ጥግ ላይ ከተጠቀለለ ባዶ ጆንያ በቀር ምንም የለም።

አጠገቧ የቆመችው፣ ከቀልዷ የተነሳ ሳቂታ የሚሏት ጓደኛዋ ግን ዞር ብላም አላየች። ዝናብ ያበሰበሰውን የሹራቧን እጅጌ እየጠመዘዘች «ችግር የለም አባባ» አለች። «ረሀቡን ለበዓል ቀጥሬው እመለሳለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ወዲያው የሳቁበት ነገር ገባቸውና ዓይናቸውን ወደ ባዶው ጆንያ መለሱ።

ሳቂታ እዚያ በር ድረስ ለመምጣት ከራሷ ጋር ስትሟገት ነው የሰነበተችው። እናቷ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ክረምቱ ሲገባ ሳሉ ጠናባት፣ ቆይቶም ከአልጋ አላስነሳ አላት፤ ሆቴሉ በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጠረ። የሚኖሩት ግድግዳው እርጥበት በሚያንጠባጥብ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው በዓል እናትና ልጅ ስማቸው ተጠርቶ፣ ምእመናን ፊት ቆመው፣ በጭብጨባ ስጦታ ተቀብለዋል። ዳቦው ከመብዛቱ የተነሳ ግማሹ ሻግቶ ተጣለ። ዱቄቱንና ዘይቱን ግን እናትየው እየቆነጠረች እስከ ክረምቱ አፋፍ አድርሳዋለች።

«ለእናቴ እንዳትነግሪያት፣ እሺ?» አለች ሳቂታ ወደ ቤት ሲመለሱ። «እዚህ መምጣቴን ከሰማች ከበሽታው በፊት እፍረቱ ይገድላታል።»

«ልመና እኮ አይደለም። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ታዲያ ለምን ልመና ልመና ሸተተኝ?»



የዚያን ዕለት ቀጭኔ ለራሷ እናት ነገረቻት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን አቁማ ተነሳችና ከዱቄታቸው ላይ ዝቃ በፌስታል ቋጠረች። «ያለንን እንካፈላለን» አለች። «ግን ልጄ፣ የእኛም ዕቃ ታቹ መታየት ጀምሯል። አንድ ቤት ብቻውን ስንት ቀን ይችላል?»

ቻሉ፤ የቻሉትን ያህል። ቀጭኔ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ታደርሳለች። አንድ እሑድ ደፈር ብላ ለሰባኪውም ነገረቻቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ እዚያው ቆመው ጸለዩ። ሲጨርሱ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ፣ በዓሉ ሲደርስ በሰፊው እናስባቸዋለን» አሏት።

የሳቂታ እናት በዓሉን አልጠበቀችም። ዝናቡ ገና ሳያባራ አረፈች።

ለቀብሩ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ዘማሪዎቹ መጡ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቀጭኔ በመልክ ብቻ የምታውቃቸው ሴቶች ድስት ተሸክመው መጡ። ያቺ አንዲት ክፍል በምግብ ተሞላች። ሳቂታ የሟች አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሰዎች እያመጡ የቆለሉትን ብርድ ልብስ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀጭኔ» አለች በሹክሹክታ።

«ወዬ?»

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቤታችንን ያውቁት ነበር ማለት ነው?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። በእርግጥ ለማወቅ የፈለገች ነው የሚመስለው። ቀጭኔ እጇን ያዘች። የሳቂታን እናት ያያት ሐኪም ሳንባዋ ቀድሞውኑ ተጎድቶ ነበር ብሏል። ከእነዚያ ብርድ ልብሶች አንዱ ቀደም ብሎ ቢመጣ ያድናት ነበር? ቀጭኔ አታውቅም። የምታውቀው ሳህኑን ስታደርስ ሴትዮዋ በልብሷ ላይ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጥ እንደነበረ ነው።

ሳቂታን ሌላ ከተማ የምትኖር አክስቷ ልትወስዳት መጣች። አውቶቡስ ተራ ሲሸኟት ሳቂታ እንደ ልማዷ ቀልድ ፈለገች፤ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። «እዚያ ደግሞ ማን ብለው እንደሚጠሩኝ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ሳቂታ የሚሉኝ አይመስለኝም።» ከዚያ ተሳፈረች። መስኮቱ በእርጥበት ጭጋግ ስለተሸፈነ፣ እጇን ታውለበልብ የነበረችው እሷ ትሁን ሌላ ሰው ቀጭኔ መለየት አልቻለችም።

በክፍል ውስጥ አብረው ይቀመጡበት በነበረው ዴስክ ላይ ብቻዋን ቀረች። ከሰዓት በኋላ እናቷን ስፌት ታግዛለች። ከደንበኞች ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ገጣጥመው፣ መሀሉን በጥጥ ሞልተው፣ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ሠሩ። ለበዓሉ ስጦታ ነበር የታሰበው።

የበዓሉ ጠዋት እናቷ ብርድ ልብሶቹን በነጠላ ጨርቅ ስትጠቀልል ቀጭኔ «እማ፣ ዛሬ አንውሰደው» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዛሬ መጋዘኑ ጢም ይላል። ክረምት ሲገባ እንውሰደው። ባዶ ሲሆን።»

«ሰው ሁሉ ተሸክሞ ሲገባ እኛ እጃችንን እያወዛወዝን? ምን ይሉናል?»

«ንፉግ ይሉናል።»

«በክረምትስ ለማን ትሰጪዋለሽ? ሳቂታ እንደሆነች ሄዳለች።»

«አላውቅም» አለች ቀጭኔ። «ግን በዝናብ ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም፣ እማ።»

እናቷ እሺም እምቢም አላለች። ጥቅሉን አልጋው ላይ እንዳለ ትታ፣ ፊቷን ቋጠር አድርጋ ወጣች።

የመጋዘኑ በር ላይ ጠባቂውን አገኟቸው። ካርቶን ከጆንያ ላይ እየደረቡ ነበር። «አባባ» አለች ቀጭኔ፣ «በክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘኑን ይከፍቱልኛል?»

«በክረምት? ምን ሊኖረው ልጄ?»

«እኔ አመጣለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከሳቂታ ጋር የመጣችበት ቀን ትዝ ያላቸው ይመስላል፤ ያቀፉትን ካርቶን መሬት አስቀመጡት። «እከፍትልሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዝማሬው ደመቀ፣ ምእመናን በየረድፉ እየተነሱ ስጦታቸውን ፊት ለፊት መቆለል ጀመሩ። ተራው የእነሱ ረድፍ ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ቀጭኔ ባዶ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው «ምነው፣ ዘንድሮ ባዶ እጅ?» አሉ፤ ሁለት ረድፍ ድረስ ተሰማ። የቀጭኔ ፊት እሳት የነካው ያህል ጋለ።

እናቷ እንደ ልማዷ ከሰው ጋር ብድግ ብላ ነበር። ወደ ስጦታው ክምር አየች፣ ከዚያ ወደ ልጇ። ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና አጠገቧ ተቀመጠች።