መንታ ነው የተባለው ሞተር

አቧራው እንደ ግድግዳ ሲነሳባት እናትየዋ ነዳጁን ይበልጥ ረገጠችው። ልጇን እባብ ነድፏት በረሃው ማዶ ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ጤና ጣቢያው ያጣው መድኃኒት በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ፣ ከእናትየዋ ጎን በተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ጭን ላይ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝም ሳይሞላ መሻገር አለባት።

«ቀስ በይ እትዬ፣ ትደፊናለሽ!»

«አንተ ሳጥኑን ያዝ!»

አሮጌዋ ጂፕ የሟች ባሏ ናት። ባለፈው ወር መካኒኩ ወንድሟ ሞተሯን አውርዶ፣ «ነክሷል፣ ተጣብቆ አልዞር ብሏል፤ አበቃለት። ከቤት መኪና የወጣ ገጠምኩልሽ። ሁለቱ ሞተሮች መንታ ናቸው፤ ማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው ላይ ልክክ አለ» አላት። አንድ ጡት ጠብተው አድገዋል፤ እንዴት አታምነው?

አቧራውን ጥሰው ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ከሥር ኳ! ኳ! ይል ጀመር። ወንዙ ዳር ሞተሩ ፈላ። ሁለት ጀሪካን ይዛ ወረደች። አንዱን ሞልታ ሌላውን ስትነክር ግንድ የመሰላት ነገር ዓይኑን ገለጠ። አዞ! ባዶውን አፉ ላይ ወርውራ ወደ ኋላ ተፈናጠረች፤ ፕላስቲኩ መንጋጋው ውስጥ ደቀቀ።

የሞላውን ጀሪካን ይዛ ስትመለስ የአንድ ከሰል ነጋዴ መኪና ከኋላ መጣ። ድምፁን ስትሰማ ደርቃ ቀረች። ሦስት ጊዜ ስሎ የሚያንጎራጉር ሞተር! አሥራ ስምንት ዓመት ጠዋት ጠዋት የቀሰቀሳት የባሏ ጂፕ ድምፅ ነው።

«መድኃኒት ይዘናል፣ አሻግረን!»

«ቦታ የለም!» ነጋዴው ወደ ወንድሟ አንገቱን አወጣ። «አንተ ሰው፣ የሸጥክልኝ ሞተር እኮ አንበሳ ነው!» ውሃውን እየረጨ ተሻገረ።

ዞራ ወንድሟን አየችው።

«ነክሷል አላልከኝም?»

«እትዬ... የብሎኑ ቀዳዳ ሁሉ ገጥሞ ነበር እኮ...»

በዕድሜዋ ነክታው የማታውቀውን ኮፈን ከፈተች። ማራገቢያው ከራዲያተሩ አንድ ስንዝር ርቆ አየሩን ለሜዳ ይነፋል። ተኝታ ከሥር ስታይ የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት የኮፓው ሆድ፣ የጎማዎቹ ዘንግ አክሱሉ በሚዘልበት ቦታ ላይ ተዘርግቷል፤ በየጉድጓዱ አክሱሉ እየደቃው ጎድጉዷል።

«ይሄን አውቀህ ነው የገጠምከው?»

«አስፋልት ላይ ብቻ የምትነጃት መስሎኝ።»

ካርቶን ቀድዳ አየሩ እንዳይበተን በማራገቢያውና በራዲያተሩ ዙሪያ ጠፈረችው። ከአሮጌ ጎማ ቆርጣ አክሱሉ እንዳይዘል ሻሲው ሥር ወተፈች። ውሃ ሞላች። ከዚያ ሳጥኑን ከጭኑ ላይ አነሳች።

«ውረድ።»

«እትዬ፣ እዚህ ትተሽኝ?»

«ክብደት ነህ። ከውሃው ራቅ ብለህ ጠብቅ።»

ወንዙ እስከ በሩ ደረሰ። ጂፗ ተንገዳገደች፤ ሞተሩ ተንተባተበ፣ አልጠፋም። ማዶ ስትወጣ ደራሹ ጎርፍ ከኋላዋ መሻገሪያውን ጠራርጎ ዋጠው።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ ጭብጥ አይሞላም። ነርሷ ልጅቷን መድኃኒቱን ወጋቻት። ማምሻውን ልጅቷ፣ «እማ፣ ጠማኝ» አለች፤ እናትየዋ ያኔ አለቀሰች።

በማግስቱ ወንዙ ጎደለ። ወንድሟ የመፍቻ ቦርሳውን ተሸክሞ፣ ጭቃ ለብሶ በእግሩ ደረሰ።

«እትዬ፣ የድሮውን አስመልሼ ልግጠምልሽ?»

«ይሄ ሞተር ባዕድ ነው፤ ሆዱ እየተደቃ አደረሰኝ። አንተ ግን የእናቴ ልጅ ሆነህ ሸጥከኝ።»

ቦርሳውን ከትከሻው ወሰደችና ኮፈኑን ራሷ ከፈተች።