ከብስኩት ቆርቆሮ የወጣው ስልክ

የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ፤ አጠገቡ ትራፊ መርዝ ያለበት ብርጭቆ ነበር። በማግስቱ የሰዎችን የግል መረጃ በሸጠው ትልቅ ድርጅት ላይ የቅጣት ውሳኔ ሊፈርም ነበር። ሬሳው ሳይቀበር ግን «ጉቦ በልቶ፣ አፍሮ ራሱን አጠፋ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሚስቱን ከሞቱ እኩል ያንገበገባት ይኸው ወሬ ነው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ቢሮውን ስትፈትሽ የሟቹን ስልክ አጣችው። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን፣ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግቶ ተገኘ።

«እዚህ ምን ይሠራል?» አለቻት የሟቹን ጸሐፊ።

«ስለ ውሳኔው ስናወራ እንዳይጠልፉን ስልካችንን እዚያ እንከታለን። ከእሳቸው፣ ከእኔና ከምክትላቸው በቀር የሚያውቅ የለም።»

ምክትሉ ሟቹ ቤት በልቶ ያደገ ልጅ ነው፤ ሚስቲቱን «እትዬ» ይላታል። ኃላፊው በሞተበት ቀን ከቀትር በኋላ ቢሮ እንዳልነበረ ተናግሯል። «ጋሼን ምን ነካቸው?» እያለ አቅፏት ሲያለቅስ እሷው አባብላዋለች።

መርፌ የድርጅቱን ጠበቃ ጨምራ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ባለቤትዎ መጨረሻ የደወሉት መቼ ነው?»

«በሞተበት ዕለት ማምሻውን፣ ከቢሮ በዚሁ ስልኩ። ጸሐፊዋ እኔ ቤት ነበረች፤ እሷንም አነጋግሯታል።»

«እንግዲያው ስልኩ ቆርቆሮ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን ሊሞት የተነሳ ሰው ስልኩን ከማን ይደብቃል? ስለ ውሳኔው የሚያማክሩት ሰው መጥቶ ነበር። ጠበቃው ቆርቆሮውን አያውቀውም፤ ጸሐፊዋ ቤትዎ ነበረች።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ስትወጣ የራስህን አነሳህ፤ የእሳቸውን ረሳህ።»

ምክትሉ ወደ ሚስቲቱ ተመለከተ። «ውሳኔውን እንዲያዘገዩት ለምኛቸው ነበር...»

«መርዝ በኪስህ ይዘህ?»

«ድርጅቱ በእሳቸው ቦታ ኃላፊ ሊያስደርገኝ ቃል ገብቶልኛል! ጠበቃ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ጠበቃው ቦርሳውን ዘጋ። «ድርጅታችን ይህን ሰው አያውቀውም።»

ሚስቲቱ ብድግ አለች።

«ወሬውንም ያስወራኸው አንተ ነህ?»

አንገቱን ደፋ።

«በእጄ ያጎረስኩህ ልጅ!» አለች። «ይኸው አንተን በከንቱ ሸጡህ። ባሌ ግን አልተሸጠም። መርማሪ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ይችን ጻፊልኝ።»