ከእኔ ቀጥሎ የሚተረጉም ሰው

እኔ የሙት መንፈስ ምናምን የሚባል ወሬ አምኜ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ሰው ሲያወራም «ደግሞ ጀመራችሁ» ብዬ የምስቅ ነበርኩ፤ አሁን የምነግርህም ብቻዬን ይዤው መኖሩ ስለከበደኝ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ለሚገኝ አንድ ሚሲዮን አስተርጓሚ ነበርኩ። ዘመድ የለኝ፣ ጌዴኦኛ አልችል፣ ከሥራ ስመለስ ከግድግዳ ጋር የማወራ ሰው ነበርኩ ብልህ ይቀላል። ሥራው እንዴት መሰለህ፣ የውጭ አገር ሰባኪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ከእኔ ተቀብለው ደግሞ ከወናጎ ከተማ በላይ የሚኖሩ ጋሽ በራሶ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ጌዴኦኛ ይመልሱታል። ጋሽ በራሶ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም፣ እኔ ያቀበልኳቸውን ብቻ ነው የሚተረጉሙት። ካስረዘምኩባቸው በከዘራቸው መሬቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ፣ «በቃ፣ አቀብለኝ» ማለታቸው ነው።

እመነኝ፣ በዚያ አገር ወዳጄ የምለው እሳቸውን ብቻ ነበር። «ስሞት ከቀብሬ እንዳትቀር» ብለውኝ እሺ ብያለሁ። ሲሞቱ ግን ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው ብዬ ቀረሁ። ዝናቡ እውነት ነው፣ የቀረሁት ግን በስንፍና ነው፣ አልዋሽህም።

ከወር በኋላ ሚሲዮኖችን እየዞሩ የሚጎበኙ አንድ ፓስተር ከባሕር ማዶ መጡና በላንድሮቨር ወደ ጋሽ በራሶ ጸሎት ቤት ወጣን። እሑድ ረፋድ ነው፣ ጉሙ እንሰቱ ላይ ተኝቷል። መቃብራቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው፣ እኔ ግን ወደዚያ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። የሚተካቸው ሰው ስላልተገኘ ምእመኑ አማርኛውን እንደምንም ይስማ ተባለ።

ፓስተሩ ጀመሩ፣ እኔም ቀጠልኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳስረዝም ከኋላ ጥግ፣ የአፈሩ ወለል ላይ፣ መታ መታ። ከጣራው የሚንጠባጠብ ውሃ ነው አልኩ። ዝም ስል ግን ቀስ ያለ ጌዴኦኛ ከዚያው ጥግ ተሰማ፣ ሲጨርስም ምእመኑ «አሜን» አለ። ቀና ብዬ ባይ አግዳሚው ባዶ ነው። የሚገርምህ መጀመሪያ አልፈራሁም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ናፍቄያቸው ነበራ።

መጨረሻ ላይ ፓስተሩ ስለ ራሳቸው አወሩ፣ አብሯቸው ያገለገለ ጓደኛቸው በሰው አገር ሲሞት ሊቀብሩት እየቻሉ ቀርተዋል፣ «ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አሁን አፈር ውስጥ ነው» አሉ። ይህቺን መተርጎም አቃተኝ፣ ዋጥኳት። ከጥጉ መታ መታ። ዝም አልኩ። እንደገና መታ መታ። ከዚያ እኔ ያላቀበልኩትን ድምፁ ራሱ ይናገረው ጀመር፣ ከመሃሉም የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ ታደለ፣ የእኔ ስም። ፓስተሩ ስሜን አልጠሩም። ምእመኑም አሜን አላለም።

ስንወጣ የጋሽ በራሶን ባለቤት በር ላይ አገኘኋቸውና ማን እንደተረጎመ ጠየቅኳቸው።

«ማንም አልቆመም፣ አንተ ብቻ ነህ የተናገርከው» አሉኝ። «እኛ አማርኛ ብዙ አይገባንም፣ ዛሬ ግን ሁሉም ገባን።»

«መጨረሻ ላይስ፣ እማማ?»

ትንሽ አዩኝና «መጨረሻ ላይ አንተ ዝም አልክ» አሉ።

መኪናው ውስጥ ፓስተሩ ከጸሎት ቤቱ ኋላ ጥግ ሆነው ሲተረጉሙ የነበሩትን ሽማግሌ ሳይጨብጧቸው በመሄዳቸው ማዘናቸውን ነገሩኝ፣ «ጎበዝ ናቸው፣ የመጨረሻዋ ላይ ግን አንተን ሳይጠብቁ ቀደሙህ» አሉኝ።

ፓስተሩ አገራቸው ገቡ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ያኔ ጋሽ በራሶ ስሜን ይቅር ብለው ይጥሩት ወይም እየወቀሱ፣ ዛሬም አላውቅም። ጌዴኦኛን ግን ከዚያ ወዲህ ተማርኩ፣ አሁን አንድም ቃል አያመልጠኝም። በየጸሎት ቤቱ ስቆም ሆን ብዬ ዓረፍተ ነገሩን አስረዝመዋለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ ጆሮዬን ወደ ኋላው ጥግ እሰጣለሁ። እስካሁን ማንም መሬቱን አልመታም።