የተላጠው ቀይ ሥር

አሮጊቷ ወጥ ቤታቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተዋል። ማጅራታቸውን የመታቸው ሰው ዘነዘናውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም፤ አጠገባቸው ጥሎታል። ምድጃው ላይ ከጓሯቸው የተነቀለ ቀይ ሥር ተጥዷል። መርማሪዋ ስትደርስ አሮጊቷ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ በካቴና ታስራ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማን እሰራት አለህ?» አለችው ፖሊሱን።

«እሷ ብቻ ናት እቤት የነበረችው። አጎቷም እሷ ናት ብለዋል።»

አጎትየው፣ የሟች ወንድም፣ ጡረተኛ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። አጠገባቸው ደላላው ልጃቸው ያለቅሳል። ጓሮውን የሚገዛ ሰው ቢያመጣ፣ «ቀይ ሥሬን የት ልትከለው?» ብለው አክስቱ እንዳባረሩት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መርማሪዋ ቸኩሎ የሚያስር ፖሊስ ትንቃለች፤ ቸኩሎ የሚያለቅስ ወራሽ ግን ያንገሸግሻታል።

«እህቴ፣ እኔ ስወጣ ደህና ነበሩ። ቀይ ሥር ሲጥዱ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ደላላው፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ።

«እህትህ አይደለሁም። እንዴት አድርገው ጣዱት?»

«እንዴት ይጣዳል? አጠቡት፣ ላጡት፣ ቆራርጠው ጣዱት።»

«በእጃቸው?»

«ታዲያ በእግራቸው?» እንባው ሳይደርቅ በራሱ ቀልድ ፈገግ አለ።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ልብስ ሳጥብ ነበር» አለች ልጅቷ። «ድስቱ ሲሸተኝ ገባሁ።»

«አክስትሽ ቀይ ሥር እንዴት ነው የሚቀቅሉት?»

«ከነልጣጩ ነዋ! ቅጠሉን በእጃቸው ጠምዝዘው ነው የሚያነሱት፣ ጭራውን አይነኩትም። ቢላ ከነካው ቀለሙ ውሃው ውስጥ ያልቃል ይላሉ። እኔ አንዴ ልጬ ብጥድ ስንት ቀን ሳቁብኝ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

መርማሪዋ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ከፈተች። ቀይ ሥሩ ተልጦ ተቆራርጧል። ተንበርክካ የሟችን እጆች ገለበጠች፤ ጥፍሮቻቸው ሥር የጓሮ አፈር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ ብልህ ሰው የሠራው ሥራ አይደለም» አለች። «ድስቱ የተጣደው ሴትዮዋ ከሞቱ በኋላ ነው፤ ገዳዩ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ እንዲባል። ጥሬ ቀይ ሥር የላጠ ሰው እጁ ይቀላል። የሟች እጅ ላይ አፈር እንጂ ቀለም የለም፤ ስለዚህ የላጡት እሳቸው አይደሉም። ይቺ ልጅ ደግሞ ብትጥደው ኖሮ አሳዳጊዋ እንደሚያደርጉት ከነልጣጩ ነበር። የጣደው እዚህ ቤት ሲበላ እንጂ ሲቀቀል ዞር ብሎ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ግን ሲልጡ አየሁ አለኝ። እስቲ እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

ደላላው ወደ አባቱ ተመለከተ። ፖሊሱ እጆቹን ጎትቶ አወጣቸው። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች እስከ ጥፍሮቹ ሥር ቀልተዋል።

«ምሳ ላይ... በልቼ ነው።»

«በሁለት እጅህ ነው የምትበላው?» አለችና ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ካቴናውን ፍታና ለዚህ ለሚገባው አድርግለት።»

ደላላው ሲወሰድ አባትየው የልጅቷን ክንድ ያዙ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። መቼም እኔ ባንቺ ክፉ አላስብም፣ ታውቂያለሽ።»

ልጅቷ እጃቸውን ከክንዷ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ጋሼ፣ እሷ ናት ሲሉ እኮ እየሰማሁዎት ነበር።»