ሳይመለስ ያደረ ጥያቄ

መምህር ፀጋው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ደሙ በኪቦርዱ ፊደሎች መሐል ገብቶ ደርቋል። የመታው ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም። ከሞተም በኋላ ሳይደጋግመው አልቀረም፤ ግድግዳው ላይ የተረጨው ደም ጣሪያውን ነክቷል። የበሩ የብረት መወርወሪያ ጠጉርና ደም እንደያዘ ወንበሩ ሥር ወድቋል።

ኢንስፔክተር ማናለብሽ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ገባች። እሑድ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ነው የጠሯት። በፖሊስነት ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ በጥላቻ የተደበደበ ግን ጥቂት ነው። ተናደደች። ሳጅን ደረሰ በአንጻሩ ደስ ብሎታል። ደረሰ ቶሎ መያዝ ቶሎ የሚያሾም ይመስለዋል።

«ገዳዩ እጃችን ላይ ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ይሄነው ውዱ የሚባል ተማሪ ነው። ትናንት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ይህን በር ሲደበድብና ‹ውጣ! ዛሬ አለቅህም!› እያለ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።»

«መምህሩ ያን ጊዜ በሕይወት እንደነበረ በምን አወቅህ?»

ደረሰ ስልኩን ዘረጋላት። «ይኸው! ጀንበር ስትጠልቅ ለተማሪዎቹ መልእክት ልኳል። ሬሳ ቴሌግራም አይጽፍም።»

ፀጋው እንጅባራ ውስጥ በምትገኘው በዚህች ቢሮ ሆኖ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን በኦንላይን ያስተምር ነበር። አብዛኞቹ በየገጠሩ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ዲግሪያቸውን የሚያሻሽሉ ናቸው። ፊቱን ሳያዩ ያምኑታል። በቴሌግራም ቡድኑ አናት ላይ ሁልጊዜ የምትታይ ማስታወሻ ነበረችው፦ «የማውቀውን ዛሬውኑ እነግራችኋለሁ። የማላውቀውን መቼ እንደምነግራችሁ እነግራችኋለሁ። ከመምሸቱ በፊት የተጠየቀ ጥያቄ ሳይመለስ አያድርም።» ማናለብሽ ደግማ አነበበችው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲገባ አይታ ስለማታውቅ ገረማት።

ከጠረጴዛው ፊት ለፊት መስኮት አለ። ከመስኮቱ ውጭ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት የቀርከሃ አጥር ላይ፣ የመምህሩ ጋቢ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል።

ሬሳውን ያገኘችው የቢሮው ጸሐፊ ምሥራቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ማናለብሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጋቢውን ያሰጣው ማን ነው?»

«እሱ ራሱ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስወጣ ‹የማታውን መልስ ጽፌ እወጣለሁ› ብሎኝ ቀረ።»

«ዝናቡስ?»

«ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስኪመሽ አላባራም።»

«እሑድ ቢሮ ምን አመጣሽ?»

«ተማሪዎቹ ናቸዋ! ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን እረፍት ነሱት። ‹ጥያቄ ሳይመለስ አደረ፤ መምህር ምን ነካው?› ይላሉ። እኔም ትናንት ከሰዓት ደጋግሜ ደውዬ አላነሣ ብሎኝ ነበር።» እንባዋን ጠረገች። «ዓርብ ዕለት በጣም ተቆጥቶ ነበር። አንድ ሰው ለተማሪዎች በየግላቸው ‹ታልፋላችሁ፣ እኔ አለሁላችሁ› እያለ ቃል እንደሚገባ ደርሶበታል። ስሙን አልነገረኝም። ‹ሰኞ ለሁሉም በግልጽ እነግራቸዋለሁ› አለ።»

ረዳቱ መምህር ምንይችል ከዳንግላ የመጣው እያለቀሰ ነው። መልኩ ደስ የሚል፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ጎልማሳ ነው። ከመቀመጡ በፊት ምሥራቅን አቀፋት፣ የሳጅን ደረሰን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ቅዳሜን የት ዋልክ?» አለችው ማናለብሽ።

«ዳንግላ፣ የዘመድ ሠርግ ላይ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ። ማታ የፀጋው መልእክት ሲመጣ ‹ይኸውላችሁ፣ ጓደኛዬ ቅዳሜም አያርፍም› ብዬ አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ አሳየኋቸው።»

«የአንተ ሥራ ምን ነበር?»

«ተማሪዎቹን ማረጋጋት። አጣዳፊ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ለእሱ መደወል። ሰው ቅር ብሎት እንዲያድር አልወድም፣ ኢንስፔክተር። ፀጋው ደረቅ ነበር፤ እኔ ግን ማንንም እሺ እላለሁ።»

ሰኞ ፀጋው ተቀበረ። አፈሩ ሳይደርቅ ታላቅ ወንድሙ በዛብህ ጠመንጃውን አንሥቶ የይሄነው ቤተሰብ ወደሚኖርበት ወደ አዲስ ቅዳም ከተማ ሄደ። የይሄነው አባት አቶ ውዱ ገብስ ሲያርሙ አገኛቸውና ሁለት ጥይት ሆዳቸው ላይ ለቀቀባቸው። ከዚያ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። «የወንድሜን ደም መለስኩ። አሁን እሰሩኝ» አለ፤ ድምፁ ኩራት ነበረበት።

የአቶ ውዱ ሌሎች ልጆች ታጥቀው አባታቸው የገቡበትን ሆስፒታል ከበቡ። ዓይናቸው ዳንግላ ያሉት የበዛብህ ልጆች ላይ ነው። ማናለብሽ የአገሯን ሰው ታውቃለች። የፀጋው ገዳይ በቶሎ በማስረጃ ካልታወቀ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ቀብር ቀብርን እየተከተለ እንደሚሄድ ገባት፤ ፈራችም።

ይሄነው ከታሰረበት ክፍል ጥግ ተኮራምቷል። ሰፈሩ ሲይዘው በድንጋይ ስለደበደበው አንድ ዓይኑ አይከፈትም፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

«አባቴ ይተርፋል?» አላት።

«አይዞህ፣ ምንም አይሆኑም!» አለ ደረሰ።

«የማታውቀውን ተስፋ አትስጠው!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «አባትህ ሆዳቸውን ተመተዋል። ሐኪሞቹ እየሠሩላቸው ነው። ከዚህ በላይ አላውቅም። የሰማሁ ዕለት፣ ክፉም ቢሆን ደግ፣ ያኔውኑ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ ማታ ምን ሆነ?»

«ፈተና ወድቄ ነው የመጣሁ። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። በሩን ደበደብኩ፣ ተሳደብኩ። አልከፈተም። ኋላ ግን ግራ ገባኝ። መምህር ፀጋው ቢቆጡት እንኳ ወጥቶ ይናገራል እንጂ አይደበቅም ነበር።»

ማክሰኞ ከሰዓት ማናለብሽ ሁሉንም በጣቢያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ይሄነውና በዛብህ በካቴና ታስረው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በዛብህ ዓይኑን ከልጁ ላይ አልነቀለም። ምሥራቅና ምንይችል በመካከል ናቸው፤ ምንይችል ለበዛብህ ውሃ በብርጭቆ አቀበለው።

«የማውቀውን እነግራችኋለሁ» ብላ ጀመረች። «ፀጋው የተገደለው ማታ አይደለም። ጋቢውን ቅዳሜ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር አሰጣ። ዝናቡ ከምሳ በኋላ መጣ። እጁን ዘርግቶ ሊያነሣው ሲችል ጋቢው እስኪመሽ በዝናብ ተደበደበ። ያን ጊዜ የሚያነሣ እጅ አልነበረም።»

«መልእክቱስ?» አለ ደረሰ።

«ምሥራቅ፣ ንገሪው።»

«ማታ ኔትወርክ እየጠፋ ስላስቸገረው ቀን ጽፎ ሰዓት ይሞላለታል» አለች ምሥራቅ። «ሰዓቱ ሲደርስ መልእክቱ ራሱ ይሄዳል። ይህን የምናውቅ እኔና መምህር ምንይችል ብቻ ነን።»

«ሬሳም ቴሌግራም ይጽፋል ማለት ነው፣ ደረሰ» አለች ማናለብሽ። «መልእክቱን እንዳለ አነበብኩት። ጠዋት ለጠየቁት ሁሉ በየስማቸው መልሷል፤ ጫግኒ ላለው አስማረ ለሚባል ተማሪ ሳይቀር። መጨረሻው ‹የዛሬው ጥያቄ ሁሉ ተመልሷል› ይላል። ከምሳ በኋላ ግን፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ሙሉነሽ የምትባል የግምጃ ቤት ከተማ መምህርት በቡድኑ ላይ ጽፋለች። ‹ምጥ ይዞኛል፤ የሰኞው ፈተና ያመልጠኛል ወይ?› ነው ያለችው። ለእሷ ምንም መልስ የለም። ለሁለት ሺህ ሰው አንድ ቀን ያልዋሸ መምህር የምጥ ጥያቄ ዘልሎ ‹ሁሉ ተመልሷል› አይልም። ጥያቄዋ ሲመጣ ሞቷል።»

ይሄነው እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። የሬሳ በር ሲደበድብ እንደነበር ያኔ ነው የገባው።

«የሟቹን ስልክ አየሁት» ቀጠለች። «ከሰዓት በኋላ ያልተነሣ ጥሪ ሞልቶታል። የሙሉነሽን ጥያቄ ያየች ምሥራቅ ደጋግማ ደውላለች። ተማሪዎች ደውለዋል። አቶ በዛብህ፣ እርስዎም ደውለዋል። አጣዳፊ ጥያቄ ሲመጣ መደወል ሥራው የሆነው ሰው ግን አንዴም አልደወለም።»

ምንይችል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሠርግ ላይ ነበርኩ። ጥያቄውን አላየሁትም።»

«ሙሉነሽ ለአንተም በግልህ ጽፋልሃለች። ወንድ ልጅ ታቅፋ መልስህን አሳየችኝ። ‹አታስቢ፣ ለመምህር ነግሬዋለሁ፤ ነገ ይመልስልሻል› ብለሃታል። በምን ነገርከው?»

«በስልክ...»

«ስልኩ ላይ የለህም።»

«በአካል ማለቴ ነው።»

«ዳንግላ ነበርክ።»

ምንይችል ወደ በሩ ተመለከተ።

«ይህ ብቻ ቢሆን ሰነፍ ነው ብዬ በተውኩህ። ግን ሠርግ ቤቱን ጠየቅሁ። ያዩህ ሲመሽ፣ ከራስ እስከ እግርህ በስብሰህ ስትገባ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ አይበሰብስም። ያልደወልከው የሚያነሣ እንደሌለ ስለምታውቅ ነው። ለሙሉነሽ ቃል የሰጠኸው ደግሞ ልማድ ሆኖብህ ነው። ይሄነው፣ ታልፋለህ ያለህ ማን ነው?»

ልጁ ጣቱን ቀሰረ። «እሱ! ‹ፈተናውን እኔ ነኝ የማርመው፣ ተኛ› አለኝ። ስወድቅ ‹ፀጋው ነው የሰረዘህ፣ ሂድና ጠይቀው› ብሎ የላከኝም እሱ ነው።»

ምንይችል ብድግ አለ። ያ የሚጣፍጥ አንደበት ሻከረ። «በሁለት ሺህ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር! ለመንኩት! እግሩ ላይ ወደቅሁ! ‹ቃል የገባህላቸው ሁሉ እውነቱን ይስሙ› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ መጻፍ ጀመረ! ጀርባውን!»

በዛብህ እንደታሰረ ተወረወረበት። በካቴናው ብረት አፍንጫውን ሰብሮት ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። «መቃብሩ ላይ አቅፈኸኝ!» እያለ ይጮሃል። «የልጁን ስም በጆሮዬ ነገርከኝ! ወደ አባቱ ቤት የሚወስደውን መንገድ በጣትህ አሳየኸኝ!» ሳጅን ደረሰና ሁለት ፖሊሶች ጎትተው አላቀቋቸው። ማናለብሽ የይሄነውን ካቴና ፈታችና በገዛ እጇ ደም በሚያዘንበው በምንይችል እጆች ላይ ቆለፈችው።

የዚያን ጊዜ ስልኳ ጠራ። አዳመጠች። «እሺ፣ ዶክተር» ብቻ አለች። ሁሉም ፊቷን ያያሉ። ደግ ነገር ተናግራ ብታልፍ ምንኛ በወደደች!

«ይሄነው» አለችው። «እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። አባትህ አሁን ዐረፉ። ሐኪሞቹ ሊያተርፏቸው አልቻሉም።»

በዛብህ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኒያ ሰውዬ ምን አደረጉኝ?» አለ። «ምንም አላደረጉኝም።» የታሰሩ እጆቹን ወደ ይሄነው ዘረጋ። «ግደለኝ፣ ልጄ። ያንተ ነኝ።»

ይሄነው እጁን ጨበጠ፤ ማናለብሽም ልትይዘው ተጠጋች። እሱ ግን ፊቱን አዞረ።

«ስልክ ስጡኝ። ወንድሞቼ ሆስፒታሉ በር ላይ ናቸው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙ የእሱን ልጆች ፍለጋ ዳንግላ ይወርዳሉ።»

ሰጠችው። በአውንጊ ተናገረ፤ እሷም የእናቷ ቋንቋ ነውና ሰማችው። «አባታችን ሞቷል። የመምህሩ ገዳይ ተይዟል፤ እኔ አይደለሁም። አባታችንን የገደለው እዚህ ታስሮ እያየሁት ነው። የቀረውን ስመጣ እነግራችኋለሁ። እኔ ሳልደርስ ማንም ከሆስፒታሉ በር እንዳይነቃነቅ። ሳይመሽ እመጣለሁ።»

ማናለብሽ በመስኮቱ አየች። ጀንበሯ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። የመኪናውን ቁልፍ ከደረሰ እጅ ነጠቀችና ልጁን ደግፋ ወጣች።